ጅጋ የቀረው ስፌት

በቆጠራው አንድ መጽሐፍ ጎደለ።

የንብረት ክፍሉ ሃይለ ሚካኤል መዝገቡን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደበት። ከዚያ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ጋሽ ስመኘው። ‹ዘነበች ከመሻገሯ በፊት›። የወጣበት ቀን ጥር ሃያ አንድ፣ ዘጠና ዘጠኝ። የተመለሰበት ባዶ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው እኮ!»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

«እንግዲያ ጠፋ ይበሉና እዚህች ጋ ይፈርሙ። ከሌላው ሁሉ አንዲት ቅጠል አልጎደለብዎትም። ለአንድ ልብ ወለድ ብለው ጡረታዎን ሊያዘገዩ ነው?»

ስመኘው አልፈረመም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«መጽሐፉ አልጠፋም» አለ። «ጅጋ ነው ያለው።»

ቀኑ ሰኔ አሥራ ስድስት ነበር። ሰኔ ሠላሳ ላይ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ያስረክባል። ከፍኖተ ሰላም ጅጋ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን መጽሐፉን ፍለጋ አልሄደም። ለምን እንዳልሄደ ለሃይለ ሚካኤል አልነገረውም። መጽሐፉን ወስዳ የቀረችው ልጅ እማዋይሽ ደረሰ ትባላለች። ትምህርቷን ያስተዋት እሱ በቀይ ብዕር የጻፋት አንዲት መስመር ትሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን፣ አያውቅም። ላለማወቅ ነው ያልሄደው። አሁን ግን ቀኑ አለቀ።

ስመኘው የቡሬ ልጅ ነው። አባቱ በአንድ የበርበሬ መጋዘን በር ላይ ተቀምጠው ጆንያ ይሰፉ ነበር። «አፉ ያልተሰፋ ጆንያ ግማሹ የመንገድ ነው» ይላሉ። ስመኘው ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጠገባቸው ቁጭ ይልና የተዋሰውን መጽሐፍ ያነብላቸዋል። እጃቸው ሲዝል ደግሞ መርፌውን ይቀበላቸዋል። ሽማግሌው ታሪክ ሲነበብላቸው አንድ ጠባይ ነበራቸው። መጨረሻው ሲቃረብ «ቆይ! እንዳትነግረኝ!» ብለው ያስቆሙታል። ከዚያ አንድ ሙሉ ጆንያ ሰፍተው እስኪጨርሱ ዝም ይላሉ። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ «እኔ ብሆን» ብለው ይጀምሩና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። «በል አሁን ጨርስልኝ» የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ደራሲው ከእሳቸው ፍርድ የተለየ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የደራሲው ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ፍኖተ ሰላም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሁለት መስኮት፣ አራት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የሚያፈስ ጣሪያ። በሰማንያ ስድስት አንድ ካርቶን ለወጣቶች የተጻፉ ልብ ወለዶች መጡ። ሁሉም ቀጫጭን ናቸው፤ ሁሉም አንድ ልጅ ወይም አንዲት ልጅ ጭንቅ ውስጥ የሚገቡባቸው። አንዱ የልብ ጓደኛው ፈተና ሲሰርቅ ያየ ልጅ ነው፤ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? ሌላው አጎቱ በመሬት ክርክር በሐሰት መስክርልኝ ያለው ነው። ሦስተኛዋ ዘነበች ናት። እናቷ ሞተው፣ አባቷ አረቄ ቤት ውለው፣ ሁለት ሕፃን ወንድሞቿን ይዛ ቀርታለች። ከወንዙ ማዶ ያለችው አክስቷ «ላስተምርሽ ነይ፤ አንቺን ብቻ ነው የምችለው» ብላ ላከችባት።

ተማሪው በእነዚህ መጻሕፍት ላይ ተረባረበ። ከየአንዱ ያለው ግን ሁለት ሁለት ነው፤ ወረፋው ስልሳ ሰው። የሚያነቡት ከኋላ ጀምረው ሆነ። መጨረሻውን አይቶ የወጣ ሜዳ ላይ ላልደረሰው ይዘረግፍለታል። ስመኘው ከየአንባቢው አስተያየት በጽሑፍ ይቀበል ነበር፤ ሰማንያ ወረቀት ሰበሰበ። ሰማንያውም ላይ «መጽሐፉ አስተማሪ ነው፤ ደራሲው በርታ» ይላል። ሰማንያው ሰው አንድ እጅ ያለው ይመስል።

በዚያ ሳምንት ቡሬ ሄዶ ከአባቱ አንድ የጆንያ መርፌና አንድ ልቃቂት ክር ይዞ ተመለሰ። የየመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ጠርዝ ለጠርዝ ሰፋው።

ደንቡ አጭር ነበር። እስከ ስፌቱ አንብብ። ወረቀት ውሰድና ጻፍ፤ እኔ ብሆን ምን እመርጣለሁ፣ ለምን? ስመኘው ያነበዋል። «ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል» አይልም። የሚያየው ምክንያቱን ብቻ ነው። ከበቃው ምላጩን አውጥቶ ክሩን ራሱ ይቆርጣል፤ አንባቢው እዚያው ተቀምጦ ይጨርስና ደራሲውን በአንድ መስመር ይገመግማል። ካልበቃው በቀይ ብዕር «ምክንያት አልበቃም፤ እንደገና ጻፍ» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው እንደገና ይሰፋል።

ክሩ የበርበሬ መጋዘን ክር ነው፤ ያስነጥሳል። ከጠረጴዛው አንድ ሰው ደጋግሞ ካስነጠሰ ስፌት ላይ ደረሰ ማለት ነው። «ይማርህ! የትኛው ነው?» ይሉታል ከማዶ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያኔ ተማሪ ሲገናኝ «ስንት ስፌት ፈታሽ?» ነበር የሚባባለው። የስመኘው ባለቤት ወለተጊዮርጊስ ብቻ ነገሩ አልጣማትም። «አባትህ ጆንያ ሰፉ፤ እህል ያዙበት። አንተ ምን ልትይዝበት ነው?» ትለው ነበር።

አሁን ወደ ኋላ ሲያስበው የሰኞ ጧቶቹ ናቸው የሚመጡበት። ከማንኩሳና ከጅጋ ዙሪያ ያሉት የገጠር ልጆች ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ዘንድ ከርመው፣ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ወደ ኪራይ ቤታቸው ሳይሄዱ በቀጥታ እሱ ዘንድ ይመጣሉ። መጽሐፉን መንገድ ላይ ተከራክረውበት ነው የሚደርሱት። በሐሰት ይመስክር አይመስክር በተባለው ልጅ የተነሣ ሁለት ያንድ ቤት ተከራዮች ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ያውቃሉ። አንዱ «እመሰክራለሁ፤ ከዚያ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ» ብሎ ጻፈ። ስመኘው ከሥሩ «ንስሐ አባትህ ምን እንደሚሉህ ጠይቀህ ተመለስ» ብሎ መለሰው። ልጁ እውነት ሄዶ ጠየቀ። ሁለት ሳምንት ሲሰግድ ከርሞ «አልመሰክርም» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ።

ከዚያ ስልክ መጣ። ወረፋው ሳሳ። ያለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ ኖረ። በሩ በተዘጋባቸው ወራት ስመኘው እየመጣ አቧራ ይጠርግ ነበር። ሳይፈታ ዓመት ያለፈው ስፌት አለ። ክሩም አያስነጥስም።

እማዋይሽ ደረሰ ከሁሉም የምትሻል ገምጋሚ ነበረች። አሥረኛ ክፍል፣ ቀጭን፣ ድምፅ የሌላት ልጅ። ቤተሰቧ ከጅጋ አስፋልት በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ገባ ብሎ ነው። ሌላው ገጽ ሙሉ የሚለፋበትን እሷ በሦስት መስመር ትጨርሰዋለች። ፈተና የሰረቀውን ልጅ በተመለከተ «እናገራለሁ፤ ግን መጀመሪያ ለእሱ ለራሱ» ብላ ጽፋ ነበር። ስመኘው እሷን ወረቀት መልሶባት አያውቅም።

በዘጠና ዘጠኝ ጥር ማለቂያ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀርታ፣ ሰኞ ጧት መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር። ስለ ዘነበች የጻፈችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቆመች። እንዲህ ይላል፦

«ዘነበች ትቅር። መሄድ የሚቻለው የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው። እኔ ብሆን ግን ማን ይነግረኛል?»

ስመኘው አነበበው። ከፊቱ የክፍል ቆጠራ ነበረበት፤ ወረፋም ነበር። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጋር አልገጠመችለትም። ጥያቄ ምክንያት አይሆንም ብሎ አሰበ። በቀይ ጻፈ፦ «ምክንያት አልበቃም፤ እንደገና ጻፊ።» ወረቀቷን መዝገቡ ውስጥ አስቀረ፤ መጽሐፉን ደግማ እንድታነበው አስይዞ ላካት። ልጅቷ እጅ ነሥታ ወጣች። በዚያው ወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት ነው ስለ ሻሹ ያሰበው። ቤት የተጋራቻቸውን ልጆች ጠየቀ። «እናቷ ሞተው ነበር» አሉት። «ሁለት ትንንሽ ወንድሞች አሏት።»

አሁን፣ ከቆጠራው በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጅጋ ወረደ። መንገዱ ሰላም ነበር። በሸሚዙ ኪስ ምላጭና ቀይ ብዕር፣ በላስቲክ ከረጢት መርፌና ክር፣ በመዝገቡ መሐል ያቺን ወረቀት ይዟል። ሚኒባሱ ማቆሚያ ላይ ያገኘውን ባጃጅ ነጂ «የደረሰን ልጅ እማዋይሽን ታውቃታለህ?» ሲል ጠየቀው።

«መጽሐፍ የምታነበዋን ባለ ወፍጮ?»

ስመኘው ባጃጁ ላይ ወጣ። «ትሆናለች» አለ።

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። በር ላይ አምስት አህያ ቆሟል። መብራት ስለጠፋ ሞተሩ ዝም ብሏል፤ ውስጥ ግን የሰው ድምፅ አለ። ስመኘው በሩ አጠገብ ቆም ብሎ አዳመጠ። አንዲት ሴት እያነበበች ነው።

«‹…ዘነበች ነጠላዋን አጠበቀች። ከኋላዋ ትንሹ ልጅ ስሟን ጠራ። ዞር አላለችም። ውኃው እስከ ጉልበቷ ነበር።›» ድምፁ ቆመ። «ከዚህ በኋላ ስፌት ነው።»

«አሁንም እዚያው ናት?» አለች ሌላ ሴት።

«የት ልትሄድ ኖሯል!»

«ትሻገር!» አለች ሆዷ የገፋ ነፍሰ ጡር ወጣት። «ተምራ ብትመለስላቸው አይሻልም?»

«እስቲ ተምሮ የተመለሰ አሳይኝ» አሉ አያ እጅጉ የሚባሉ ሽማግሌ ከጤፍ ጆንያቸው ላይ ሆነው። «የኔው ልጅ እንኳ አዋሳ ነው።»

«ሕፃናቱንስ? ለጅብ ጥላቸው?»

«አባት የላቸውም እንዴ!»

«አባትማ አላቸው። አረቄ ቤት።»

ሳቅ ሆነ። ስመኘው አንገቱን አስገባ። አንባቢዋ ወፍጮው አጠገብ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሸብቶ ታየውና ደነገጠ፤ ዱቄት ነው። በእጇ ያለውን መጽሐፍ ከእሷ በፊት አወቀው። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የለበደው እሱ ራሱ ነው። ክሩ ጠቁሯል፤ አልተነካም።

እማዋይሽ ቀና አለች። ብድግ ብላ ቆመች።

«ጋሽ ስመኘው» አለች። ቀጥላም፣ ሰላምታ ሳትጨርስ፣ «ሊወስዱት መጡ።»

ሴቶቹ ወደ በሩ ዞሩ።

«እማዋይሽ፣ ሰውየው ማን ናቸው?» አሉ አያ እጅጉ።

«የሰፉት እሳቸው ናቸው።»

ሽማግሌው ከጆንያቸው ላይ ተነሡ። «እርስዎ ነዎት እኛን ወንዝ ዳር አቁመው የቀሩት? ኧረ እግዜር ይይልዎት! ከአምና ጀምሮ እኮ እግሬ ውኃ ውስጥ ነው!»

ስመኘው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ወዲያው ዞሮ «ለምን አልቆረጥሽውም? ምላጭ ጠፍቶ ነው?» አላት።

«ምላጭ ሞልቷል። የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት። እሱም ወረቀቱ ሲያልፍ ነው። የኔ አላለፈም።»

የምትናገረው እንደ ቀልድ አልነበረም፤ እንደ ወቀሳም አልነበረም። ደንብ ነው የምትጠቅሰው። ወደ ጓዳ በኩል፣ ከሚዛኑ ጀርባ ወዳለው አግዳሚ ወሰደችው። ስመኘው መዝገቡን ገልጦ የዘጠና ዘጠኙን ወረቀት ሰጣት። የራሷን ጽሕፈት ቆማ አነበበች፤ ቀዩ ላይ ስትደርስ ተቀመጠች።

«ያን ዕለት ሻሽ አስሬ ነበር።»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። ወረቀቱን ሳነብ ግን ወረቀቱን ብቻ አነበብሁ።» አጠገቧ ተቀመጠ። «እማዋይሽ፣ የቀረሽው በዚህች መስመር ነው? እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። መጽሐፉ ሰበብ ነው።»

ዱቄቱን ከእጇ አራገፈች።

«እናቴ ከሞተች በዘጠነኛው ቀን ነበር። አባቴ ‹ቅሪ› አላለኝም፤ ‹ሂጂ›ም አላለኝም። ዝም አለ። መምህር አልጠየቅሁም፤ ቄስ አልጠየቅሁም። እርስዎን ጠየቅሁ። እውነቱን ልንገርዎት አይደል? ያን ቀን ‹እስቲ ቁጭ በይ› ብለውኝ ቢሆን ትምህርቴን አልተውም ነበር። አንድ ሰው ‹አይዞሽ፣ ሂጂ› እንዲለኝ ነበር የመጣሁት። ‹አልበቃም› ሲሉኝ፣ በቃ መልሱ ይኸው ነው ብዬ ሄድሁ።»

ስመኘው የፈራው ይህንኑ ነበር። ሲሰማው ከፈራው አልከበደም፤ አልቀለለምም። የሚመዝነውን ያህል መዘነ።

«በድዬሻለሁ» አለ።

«በድለውኛል» አለች እማዋይሽ። «አልረገምሁዎትም ግን። አንዱ ወንድሜ ቡሬ ነርስ ሆኗል፤ ሌላው ማዶ ሱቅ አለው። ባምላኩን አገባሁ፤ ወፍጮ ተከልን። ደግሞ ‹እንደገና ጻፊ› ብለውኝ አልነበር?»

መጽሐፉን ከኋላው ገለጠችው። ከሽፋኑ ሥር አራት ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል። የመጀመሪያው የሁለት ሺህ አንድ ነው፦ ትቅር። ሁለተኛው የሁለት ሺህ አምስት፦ ትሻገር፣ ወንድሞቿ ሲያድጉ ይገባቸዋል። ሦስተኛው እንደገና ትቅር ይላል፤ ያን ጊዜ ታናሹ ወንድሟ ነርስነት ተመርቆ ነበር። አራተኛው የዘንድሮ ነው፦ «የፈለገችውን ትምረጥ። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ‹አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?› ብሎ ይጠይቃት።»

ስመኘው አራቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበ። ምንም አልጻፈባቸውም።

በዚህ መሐል አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በጓሮ በር ገባች። ስልኳን በአንድ እጇ፣ አንድ ወረቀት በሌላው ይዛለች። «እማ፣ ሰውየው መጡ አሉ? የስፌቱ?»

«ሳሌም ናት» አለች እማዋይሽ። «በመስከረም እናንተ ዘንድ ዘጠነኛ ልትገባ ነው። ሳሌም፣ ስጫቸው እስቲ።»

ስመኘው የሳሌምን ወረቀት ተቀበለ። «እኔ ብሆን እቀራለሁ። ማዶ ማንንም አላውቅም።» ሁለት መስመር ብቻ። ምክንያቱ አልበቃም። እጁ በልማዱ ወደ ኪሱ ወጣና ቀዩን ብዕር ያዘ። ከዚያ ተወው። አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀላት።

«እስቲ ቁጭ በይ፣ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ? ምንም።»

«ፍኖተ ሰላም መምጣቱን ፈርተሽ ነው? ላንቺ ማን ነገረሽ? አባትሽ ነው? ወይስ እናትሽን ትተሽ…»

ሳሌም እናቷን አየች፤ ስመኘውን አየች፤ በሳቅ ፈረሰች። «ኧረ ጋሼ፣ መጽሐፍ ነው እኮ! እኔማ ከጓደኛዬ ከሀኒ ጋር ቤት ተከራይተን ጨርሰናል። አልጋም ገዝተናል።»

«ታዲያ ‹እቀራለሁ› የምትይው?»

«ዘነበችን ሆኜ ነዋ! እሷ ፈሪ ናት። ገጽ አርባ ላይ ከውሻ ሸሽታለች።»

ከሚዛኑ ወዲያ ሆነው ሲያዳምጡ የነበሩት ሴቶች ፈነዱ። ስመኘው አፍሮ መነጽሩን ጠረገ። እማዋይሽ ብቻ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችውና «አሁን አወቁበት» አለች።

ከዚያ በኋላ ምላጩን ያወጣው ሳይጠየቅ ነው። ወደ በሩ፣ ብርሃን ወዳለበት ወጡ። አያ እጅጉ «ቆይ!» አሉ። «አንዴ ተዉኝ እስቲ፤ ፍርዴን ልስጥ። እኔ ብሆን ሁለቱን ልጆች በትከሻዬና በጀርባዬ አድርጌ እሻገራለሁ። አክስቲቱ ታባር እስቲ! ፊት ለፊቷ እቆማለሁ።»

ስመኘው ቀና ብሎ አያቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም። «በቅቷል» አላቸው።

ክሩ በሁለት ምት ተቆረጠ። ስመኘው አስነጠሰ።

«ይማርዎት!» አለ ወፍጮ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ዘጠኝ ገጽ ነው። እማዋይሽ ለራሷ ልታነበው ፈለገች፤ ማንም አልተቃወማትም። ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። ስመኘው ምን እንደምታገኝ ያውቃል። በሰማንያ ስድስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነበው አፍሮ ነበር። ያን ምዕራፍ ሲሰፋ የሚጠብቀው ታሪኩን አልነበረም፤ አንባቢውን ነው። ልጆቹ የሚጽፉት ከደራሲው ይሻል ነበርና።

አራተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ። መልሳ አነበበችው።

«አጎት መጣ» አለች።

«ምን?» አሉ አያ እጅጉ።

«አጎት። በመኪና። እስከ ዛሬ ስሙ ያልተነሣ አጎት። ሦስቱንም ጭኖ ወሰዳቸው።»

ሰው ሁሉ ተያየ። እማዋይሽ ገጹን እንደገና አየችው፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስመኘው እያለቀሰች መስሎት አንድ እርምጃ ተራመደ። እየሳቀች ነው። ሳቋ ቤቱን ሞላው፤ ዱቄቱ ከፀጉሯ ረገፈ፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አሥራ ስምንት ዓመት!» አለች። «አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት አጎት ነው? ለመሆኑ ይሄ ደራሲ ፈርቶ ነው? መምረጥ ሲያቅተው መኪና አመጣ?»

«ይቺን ምርጫ አልደፈራትም» አለ ስመኘው።

«እኛ ደፍረናታል እኮ!»

«አዎን።»

እጇን ዘረጋች። ስመኘው ወዲያው አልገባውም። ወደ ሸሚዙ ኪስ ስታመለክት ቀዩን ብዕር አውጥቶ ሰጣት፤ መዝገቡንም ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ገለጠላት። የአስተያየት መስመሩ ላይ ረጋ ብላ ጻፈች። ስትጨርስ ስሟን ከነአባቷ አከለችበት።

መብራት መጣ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተነሣ፤ ማንም ማንንም የማይሰማበት ጩኸት ሆነ። ሴቶቹ ጆንያቸውን እየጎተቱ ተሰለፉ። ሆዷ የገፋችው ወጣት አሁን ወደመጣች ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ልትነግራት ስትል እማዋይሽ ከወፍጮው አፍ ሆና ጣቷን በአፏ ላይ አደረገች። ወጣቷ ዝም አለች።

ስመኘው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መርፌውን አወጣ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ጠርዝ ለጠርዝ እንደገና ሰፋው። ሳሌም አጠገቡ ቆማ እጁን ታይ ነበር። ሲጨርስ መጽሐፉን፣ መርፌውን፣ የተረፈውን ክርና ምላጩን ለእናትየው ሰጣት። መዝገቡን አስፈረማት። ከዚያ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ወጣ።

ሰኞ ጧት ሃይለ ሚካኤል መዝገቡን ገለጠ።

«እሺ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ተመልሷል። የተመለሰበት ቀን ሰኔ ሃያ አንድ፤ ጥሩ።» ጣቱ ወደ ጎን ሄደ። «የወጣበት ቀን… ሰኔ ሃያ አንድ? እንደገና አዋሱት?»

«አዋስሁት።»

«ጋሽ ስመኘው! በርክክብ ሰሞን ማን ፈቀደ?»

«እስከ ሰኔ ሠላሳ የምፈቅደው እኔ ነኝ። በውሰት ላይ ነው፤ ስምም ፊርማም አለው። ጠፋ የሚባል መጽሐፍ የለም።»

ሃይለ ሚካኤል ራሱን ነቀነቀ። ጠጋ ብሎ ቀዩን ጽሕፈት አነበበ። «‹የመጨረሻው ምዕራፍ ምክንያት አልበቃም፤ እንደገና ይጻፍ። እማዋይሽ ደረሰ።› ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ግምገማ ነው።»

ወጣቱ ፈረመ፤ ማኅተሙን መታ። መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ቆም አለ።

«መጨረሻው ግን ምን ሆነ? ተሻገረች?»

ስመኘው መሳቢያውን ስቦ አንድ ባዶ ወረቀት አወጣና ፊቱ አኖረለት።

«መጽሐፉ ጅጋ ነው» አለ። «መጀመሪያ ግን ጻፍ።»